ጋሽ ሽበሺ፣ እሜቴ እና ፍሪጁ

አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው መኪናውን ወዶ ዝም ቢል ማን ይናገረው ነበር? ዝም አይልም እንጂ። የራሱን ማድነቅ ግማሽ ሥራው ነው፤ ሌላው ግማሽ የሰውን መኪና ማጣጣል ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድቧል። ማን እንደሚመድባቸው አይታወቅም፣ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰፈር ተረስቶ አልቀረም። ለሀዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር የደረሱት ጋሽ ሽበሺ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ደግሞ አጥር ለአጥር የተጎራበቱት ከበርናባስ ጋር ነው፤ በርናባስ ይህን እንደ በደል ነው የሚቆጥረው።

በርናባስ መናኸሪያ አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ሰው የማይነካ፣ እሑድ ቤተክርስቲያን የማይቀር፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ነበር ማለት ይሻላል። ጋሽ ሽበሺ ናቸው ያበላሹት።

ክቡር ጋሽ ሽበሺ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከኤሌክትሪክ ክፍል፣ ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ሄደዋል፤ አሁን ከእሳቸው ጋር የምትኖረው የ1959 ሥሪት ሰማያዊ ቮልስ ናት። ስሟ እሜቴ ነው። "ቮልሱ" ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያገኝም። እሜቴን ብርድ ይመታታል፣ እሜቴ ይከፋታል፣ እሜቴ አቧራ ያለበት ሰፈር መሄድ አትወድም። እሷ ላይ ለመሳፈርም ሥርዓት አለ። መስኮቷ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ በሯ እሺ ብሎ አይገጥምም፤ ስለዚህ ክቡርነታቸው መሪውን እንደያዙ ለገባው ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይሰጣሉ፦ "መስኮቱን ትንሽ ዝቅ፣ በሩን ቀስ።" በርናባስ ይህን ቃል በዘጠኝ ዓመት ጉርብትና ሰምቶ ሰምቶ፣ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ለገባ ደንበኛ ሳያስበው ተናግሮታል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው መግፋቱ ነው። የእሜቴ ባትሪ ከሞተ ዘመን አለፈው። ጋሽ ሽበሺ ግን "ባትሪው ምንም አልሆነም፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚደክመው" ይላሉ። ሌላ ከተማ ቢሆን ቁልቁለት ላይ አቁሞ መልቀቅ ነበር። ሀዋሳ ደግሞ ከታቦር ተራራ በቀር ከፍታ የምታውቅ ከተማ አይደለችም፣ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ናት። እንግዲህ የእሜቴ ቁልቁለት በርናባስ ሆነ። "በርናባስ፣ እስቲ አንድ እጅ" ይሉታል ከአጥሩ ማዶ። በሥራ ልብሱ ገፍቷል፣ በዝናብ ገፍቷል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ በእሑድ ሱፉ ገፍቷል። ሞተሩ ሲነሳ ታዲያ "እግዜር ይስጥልኝ" የሚባለው እሱ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ሽበሺ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ "አየሃት? በአንዴ!" ብለው ይሄዳሉ። በርናባስ የጭስ ማውጫው ጭስ መሀል ቆሞ ይቀራል።

በኅዳር 2004 በርናባስ መኪና ገዛ። ነጭ፣ ከፍ ያለ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ላስቲክ ገና ያልተነሳለት፣ የክልል ቢሮ ኃላፊዎች የሚሄዱበት ዓይነት መኪና። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። አንድ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ደግሞ ሳይጠየቅ በር ከፈተለት፤ በርናባስ መዞሪያ ፈልጎ ነበር እንጂ እዚያ ጉዳይ አልነበረውም፣ ግን ዘበኛው እንዳያፍር ብሎ ገብቶ ዞሮ ወጣ። ማታ ሰፈሩ ተሰበሰበ። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ጸለዩ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ሁሉም በየተራ እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ጋሽ ሽበሺ መጨረሻ ላይ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ሁለተኛ ዞሩት። በርናባስ ጠበቀ፤ የሌላው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ቢደመር ቢደመር የእኚህን ሰው አንድ ቃል አያህልም ነበር፣ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

"ጎማው ጥሩ ነው" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ጎማው ጥሩ ነው! ሰው ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ ሽጦ መኪና ሲገዛ ጎማው ጥሩ ነው ይባላል? በርናባስ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ባለቤቱን ጽጌሬዳንም አላስተኛት አለ።

በማግሥቱ ተመልሰው መጥተው ሞተሩን ክፈትልኝ አሉት። ከፈተላቸው። ሞተሩ፣ እንደ ዘመኑ መኪና ሁሉ፣ በጥቁር ላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ረጅም ጊዜ አዩና ሞተሩ የታለ ብለው ጠየቁት። ከሥር ነው ቢላቸው፣ ከክዳን በታች ሌላ ክዳን ያለው ነገር ዕቃ ቤት እንጂ ሞተር አይደለም አሉት። ከዚያ እጁን ይዘው ወደ እሜቴ ወስደው የኋላዋን ከፈቱለት። እውነት ለመናገር የእሜቴ ሞተር ያበራል። በየሳምንቱ ቅዳሜ በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ስለሚጠርጉት፣ እያንዳንዱ ቡሎን ይቆጠራል። "እንጀራ ዘርግተህ ትበላበታለህ" አሉ። "ውሃ አትጠጣም፣ ነፋስ ይበቃታል። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ያንተ ፍሪጅ አርባ አምስት ዓመት ይቆያል?"

ፍሪጅ ያሉት ነጭና ትልቅ ስለሆነ፣ ገብተው ሲቀመጡም የአየር ማቀዝቀዣው አንገታቸውን ስለመታቸው ነው። ስሙ በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩን ያዘ። የባጃጅ ሾፌሮች በቀና ልብ፣ ምንም ክፋት ሳይኖራቸው፣ "ጋሼ፣ ፍሪጁን ትንሽ ያስጠጉልን" ይሉት ጀመር። ጽጌሬዳም አንድ ቀን በስልክ "ፍሪጁን ይዘህ ትመጣለህ?" ብላ ጠይቃው ሁለት ቀን አኮረፋት።

አንድ ቀን ጋሽ ሽበሺን ዓሣ ሊጋብዛቸው ወደ ሐይቁ ወሰዳቸው፣ ምናልባት ሲጠግቡ ይለሰልሳሉ ብሎ። በልተው ሲመለሱ አንድ ትልቅ አባ ኮዳ የመኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ነጩን መኪና ይበልጥ ነጭ አድርጎት ነበር። እዚያ ዳርቻ ሃያ መኪና ቆሟል። ጋሽ ሽበሺ ወፉን አይተው፣ በርናባስን አይተው፣ እሜቴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም አሉ። ሲመለሱም መንገዱን በሙሉ ስለ ወፎች ማስተዋል አወሩለት።

መኪና ገዛሁ፣ ከእንግዲህስ ከመግፋት ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ወይ መገላገል! ጠዋት ከግቢው ሲወጣ ጋሽ ሽበሺ መንገድ ላይ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ፣ እሱ ወርዶ ይገፋል። አንድ ቀን መሮት፣ ገመድ አለኝ፣ በኔ መኪና ልጎትትዎት አላቸው። እሜቴ በፍሪጅ አትጎተትም ብለውት ኮቱን እስኪያወልቅ ጠበቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በርናባስ መኪናውን የገዛው ሰላምታ ሊሰጠው አይደለም። በ1980 ጽጌሬዳን ሲያገባ ሊወስዳቸው ቃል የገባ የዘመድ ፒክአፕ ከይርጋለም ሳይመጣ ቀረ፤ ሙሽሮቹ በፈረስ ጋሪ ሄዱ። መሀል መንገድ ዝናብ ጣለ፣ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፣ ፈረሱም አልሄድም ብሎ ቆመ። በርናባስ በሙሽራ ሱፉ ወርዶ፣ ሕዝብ በረንዳ ላይ ተኮልኩሎ እያየው፣ ጋሪ ገፋ። የጽጌሬዳ ነጭ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ። እሷ እንደ ቀልድ ታወራዋለች፤ እሱ ግን አንድም ቀን ስቆበት አያውቅም። ልጄ በምትዳርበት ቀን ማንም ሰው ምንም ነገር አይገፋም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ኢየሩስ የምትባል ሴት ልጅ ወለደ፣ አደገች፣ ፊልሞን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሽማግሌ ላከ፣ ሰርጉም ለጥር 2005 ተቆረጠ። መኪናው ለዚያች ቀን ነው የተገዛው።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጽጌሬዳ ራት ላይ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ልጅቷ በቮልሱ መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችው። ጓደኞቿ አሮጌ መኪና ፎቶ ላይ ያምራል ብለዋታል፣ ሰማያዊው ደግሞ ከአበባው ጋር ይሄዳል።

በርናባስ ጎርሶ የነበረውን ዋጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። እኚህ ሽማግሌ መኪናዬን ፍሪጅ ማለታቸው አልበቃ ብሏቸው ልጄንም አሳመኑብኝ? ጎማው ጥሩ ነው ያሉት ለካ ነገሩን ከዚህ ሊያደርሱት ነው! በማግሥቱ ጋሽ ሽበሺ ከአጥሩ ማዶ "በርናባስ፣ እስቲ አንድ እጅ" ሲሉ፣ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን አንስተው እንዴት አደርክ ይሉታል፣ እሱ የበሩን ቁልፍ ይፈልጋል። እሜቴንም ባጃጅ ሾፌሮች ይገፏት ጀመር፤ በርናባስ በመጋረጃ ሥር ሲያይ፣ አገፋፋቸው ትክክል አይደለም፣ የኋላ መከላከያ ብረቷን ይዘው ነው የሚገፉት፣ ብሎ ተናደደ።

ለልጅቱም ቁርጡን ነገራት፤ የምትሄደው በአባቷ መኪና ነው። ኢየሩስ ብዙ አልተከራከረችም። "እሺ አባዬ" ብቻ አለች። እሱም ይህ እሺታዋ ከነከነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ መኪናውን መናኸሪያ አጠገብ ላቫጆ አስገባ። ታጠበ፣ ተወለወለ፣ ላስቲኩ ከወንበሩ ተነሳ። በርናባስ ግን ዓይኑ ፊት ያ የሚያበራ የእሜቴ ሞተር ድቅን አለበት። ነገ ጋሽ ሽበሺ በሰው ፊት ሞተሩን ክፈተው ቢሉትስ? አጣቢውን ክዳኑን አንስቶ ሞተሩን በደንብ እንዲያጥበው አዘዘው። አጣቢው ይሄ መኪና ብዙ ሽቦ አለው፣ በጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውሃ ባይነካው ይሻላል አለ። በርናባስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በግፊት ውሃ እጠበው። እንጀራ እንዲበላበት ነው የምፈልገው" አለው። አጣቢው ትከሻውን ነቅንቆ ቱቦውን አነሳ። ሞተሩ በእውነት አማረ። መኪናው እየተንገጫገጨ ቤት ደረሰ፣ በርናባስ መንገዱ ነው ብሎ አለፈው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በቀይ ጽጌረዳ ተሸልሞ፣ ሪባኑ ከመስታወት እስከ ኮፈን ተዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሙሽራው ሚዜ፣ ሊነዳ የተመደበው፣ ቁልፉን አዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ በራ፣ ሞተሩ ግን ዝም አለ። ደጋግሞ አዞረ። ዝም። አንዱ እንግፋው አለ፣ ሌላው ኦቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም አለ። ሙሽራውና አጃቢዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሰዉ እየከበበ መጣ፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ወደ ጋሽ ሽበሺ ሰማያዊ የግቢ በር ያይ ጀመር።

"እዚያ አትዩ" አለ በርናባስ። "ከፈለገች በጋሪ ትሄዳለች እንጂ—"

የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲደርስ አፉን ያዘ። ጽጌሬዳ በረንዳው ላይ ቆማ ስትሰማው ነበር፣ ፊቷን አዞረች።

ኢየሩስ ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቶ፣ ግማሹ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በነጠላ ጫማ ወጣች። "አባዬ፣ ጋሽ ሽበሺ እኮ እምቢ ብለውኛል።"

"ምን?"

"ያኔ፣ ገና ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሜቴን ስለምናቸው። አባትሽ ያን መኪና ለማን የገዛው ይመስልሻል አሉኝ። የጋሪውን ነገር ነገሩኝ። አንድ ቀን በዝናብ ሲገፋ ነው ያጫወተኝ አሉ። እኔ የምሰድበው መኪናውን ነው፣ አባትሽን አይደለም፤ በእሱ ነው የምትሄጂው ብለው አባረሩኝ።"

በርናባስ ለሰው ተናግሮት የማያውቀውን ነገር፣ እሜቴን እየገፋ፣ በዝናብ፣ ለአንድ ሰው ተናግሮት ኖሯል። እሱ ረስቶታል። እሳቸው አልረሱትም።

ሰማያዊው በር ያን ጊዜ ተከፈተ። ጋሽ ሽበሺ ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራባታቸውን አስረው፣ በአንድ እጃቸው ፒንሳ በሌላው ጠመንጃ መፍቻ ይዘው መጡ። ማንንም ሳያናግሩ ኮፈኑን ከፈቱት። ጽጌረዳው ፊታቸው ላይ ተንጠለጠለ። ጥቁሩን ክዳን አነሱት፣ አንድ ሶኬት ነቀሉና ዘቀዘቁት። ውሃ ጠብ አለ።

"ማነው ያጠበው?" አሉ።

በርናባስ ጫማውን ያይ ነበር። እሳቸውም አንድ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ የተወለወለውን ሞተር አዩ፤ ነገሩ ሁሉ ገባቸው። ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈሩን በሳቅ ይጨርሰው ነበር። እሳቸው ግን ዞረው ፀጉር ማድረቂያውን አምጡልኝ አሉ።

የፀጉር ሠሪዋ ሙንተሃ ከውስጥ እየተቆጣች ወጣች፤ ሙሽራዋ ግማሽ ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ለሞተር ነው ወይስ ለሰው ነው የመጣሁት አለች። ጋሽ ሽበሺ ፀጉሩ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይሄ አይደርቅም አሏት። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ በመስኮት ወጣ። በዚያ ሳምንት መብራት አምስት ጊዜ ሄዷል፤ ያን ጠዋት፣ ተመስገን፣ አልሄደም። አርባ ደቂቃ ሙሉ እየነቀሉ፣ እያደረቁ፣ በመሀረባቸው እየጠረጉ፣ እየመለሱ ሰኩት። በርናባስ ከጎናቸው ቆሞ የተነቀለውን ክዳን እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ኢየሩስ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታራግፋለች። ሙሽራው ደርሶ በር ላይ ቆሞ አየ፣ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ሰላምታ ሰጠ።

"አዙረው" አሉ ሚዜውን።

አዞረው። አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ተነሳ። ሰፈሩ እልል አለ። ጋሽ ሽበሺ ፒንሳቸውን ኪሳቸው ከትተው በርናባስን በትከሻው መታ አደረጉት፣ ለልጅህ እንኳን ደስ ያለህ አሉት፣ ከዚያ ሰልፉን ለማጀብ ወደ እሜቴ ሄዱ። እሜቴም ቁልፏ ሲዞር፣ እንደ ልማዷ፣ ጠዋት ነውና፣ ዝም አለች።

በርናባስ የሙሽራዋን መኪና የፊት በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር። ቦታው የእሱ ነው፤ ዓመት ከሁለት ወር አስቦበታል። ወደ ኋላ ዞሮ ሰማያዊዋን አያት። እግሩን መልሶ አወጣና ጽጌሬዳን ጠራት።

"አንቺ እዚህ ተቀመጪ" አላት። "ያኔ ያልሄድሽበት ነው።"

ኮቱን አወለቀ። የእሜቴን ጀርባ፣ መከላከያውን ሳይሆን ከሱ ከፍ ብሎ፣ እንደሚገባ በሁለት እጁ ይዞ ገፋ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። በአንዴ ተነሳች። ሮጦ ደርሶ ገባ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ማንም አላዘዘውም።

ሰልፉ አደባባዩ ጋ ሲደርስ ቪዲዮ ቀራጩ አምሳሉ ከፊት ካለው ፒክአፕ ላይ ቆሞ እጁን አወናጨፈ። ያቺ ቮልስ ከሙሽራዋ ኋላ ትውጣ፣ ወደ መጨረሻ ትሂድ፣ ቪዲዮውን ታበላሽብናለች አለ። በርናባስ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው በርናባስ እስከ ሐይቁ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ።

"አንተ! ማንን ነው ቮልስ የምትለው? አርባ ስድስት ዓመት ሠርታለች! ውሃ አትጠጣም! የትም አትሄድም፣ እዚሁ ነው የምትሆነው!"

ባጃጆቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። አምሳሉ ካሜራውን ወደ ሌላ አዞረ። በርናባስ አንገቱን መልሶ አስገብቶ፣ ገና እየተንጨረጨረ፣ ላቡን ጠረገ። ከፊታቸው ነጩ መኪና ጽጌረዳውን እያርገበገበ በሐይቁ መንገድ ይሄዳል፤ የፊት መስኮቱ ወርዶ የጽጌሬዳ እጅ በየበረንዳው ለቆመው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል።

ጋሽ ሽበሺ ከነጩ መኪና ኋላ ሳይርቁ ነዱ።

"እንኳን ደስ ያለህ" አሉ በመጨረሻ።

"ጠዋት ብለውኛል እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱ ለልጅህ ነው። ይሄ ለመኪናው ነው።"

ይህችን ቃል ዓመት ከሁለት ወር ነው የጠበቃት። በርናባስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ የነጩን መኪና ጎማ አየ።

"ምን አላት፣ ጎማው ጥሩ ነው" አለ።